ከፍልሰታ እስከ መስቀል፦ በሳን ሆሴ 0.3 ደቂቃ እንዴት 30 ሰከንድ ሆነ

ነሐሴ 16 ቀን 1988 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። እኛ ጾመ ፍልሰታን በፈታንበት በዚያ ዕለት በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ፣ ሳን ሁዋን ደ ዲዮስ በተባለው ሆስፒታል፣ ከአንድ የጨረር ሕክምና ማሽን ውስጥ የደከመ የኮባልት ምንጭ ወጥቶ አዲስ ተተካ። በእነርሱ አቆጣጠር ኦገስት 22 ቀን 1996 መሆኑ ነው። በሥራው ላይ የተፈጸመው ስህተት የታወቀው ደግሞ መስከረም 17 ቀን 1989 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ነው። የቀኖቹ መግጠም ተራ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን አንዴ ካስተዋልሁት ወዲህ ይህን ጉዳይ በሌላ መንገድ ማስታወስ አልቻልሁም። በሁለቱ በዓላት መካከል 115 የካንሰር ሕሙማን ሐኪማቸው ካዘዘላቸው መጠን ከ50 እስከ 60 በመቶ የሚበልጥ ጨረር ወሰዱ።

ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። አልሲዮን 2 የተባለ በየአገሩ የታወቀ የኮባልት ማሽን ነው። ምንጩ ጤነኛ ነበር፤ ሰዓት ቆጣሪውም በትክክል ይቆጥር ነበር። የተበላሸው አንዲት ማካፈል ናት።

የኮባልት ማሽን ሲታይ ያስፈራል፤ አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ኮባልት 60 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ብረት በትንሽ ሙዳይ ታሽጎ ጨረር በማያሳልፍ ከባድ ብረት ውስጥ ይቀመጣል። ባለሙያው ከክፍሉ ወጥቶ ቁልፉን ሲጫን ምንጩ ከመስኮቱ ጋር ይገጥማል፣ ጨረሩም በሕመምተኛው ላይ ያርፋል። የተሞላው ጊዜ ሲያልቅ ይዘጋል። በኤሌክትሪክ ኃይል ጨረር በሚያመነጨው ዘመናዊ ማሽን፣ በአክስለሬተር ውስጥ የሚወጣውን ጨረር እየለካ “በቃ” የሚል መሣሪያ አብሮ ተሠርቷል። የኮባልቱ ማሽን እንዲህ ያለ ነገር የለውም፤ የሚያውቀው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ “2 ግሬይ” ብሎ ሲያዝ (ግሬይ ሥጋ የተቀበለው ጨረር የሚሰፈርበት መለኪያ ነው)፣ በዚህ ማሽን 2 ግሬይ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቀድሞ የለካና ያሰላ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ነው።

ቁጥሩም ባለበት አይቆይም። ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት ውስጥ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ በወር ሲታሰብ አንድ በመቶ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ በየወሩ የሕክምናው ጊዜ በጥቂቱ ይረዝማል። ዓመታት ሲያልፉ አንድ ሕመምተኛ አልጋው ላይ የሚተኛበት ጊዜ እጥፍ ይሆናል፣ ወረፋው ይረዝማል፣ መጨረሻ ላይ ምንጩ ይቀየራል። አዲሱ ሲገባ የድሮው ሠንጠረዥ በሙሉ ይሰረዝና ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ ይለካል። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ማሽን የሚታከም ሰው ሁሉ የሚንተራሰው በዚህ አንድ ልኬት ላይ ነው። አንድ ሐኪም አንድ ሕመምተኛ ላይ ቢሳሳት የሚጎዳው አንድ ሰው ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ግን ወረፋውን በሙሉ ይዞ ይሳሳታል።

ልኬቱ የሚደረገው እንዲህ ነው። ውኃ የተሞላ ገንዳ ከማሽኑ ሥር ይቀመጣል፤ የሰው ሥጋ ከሌላ ከማንኛውም ነገር ይልቅ ጨረርን የሚቀበለው እንደ ውኃ ስለሆነ ነው። ከውኃው ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የጣት ጫፍ የማታህል፣ ውስጧ አየር ያዘለች መለኪያ ትገባለች፤ አዮናይዜሽን ቻምበር ይሏታል። ጨረሩ በአየሩ ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያችን ጥቂት ኤሌክትሪክ በረጅም ገመድ ተቀብሎ በቁጥር የሚያሳየው ኤሌክትሮሜትር የተባለ ሣጥን ውጭ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ፊዚሲስቱ ለተወሰነ ጊዜ ጨረሩን ይከፍታል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ዜሮ ያደርጋል፣ ደግሞ ይከፍታል። የክፍሉን ሙቀትና የአየር ግፊት ያነባል። ከዚያ የተጻፈውን ቁጥር በማስተካከያዎቹ ያባዛና ለጊዜው ያካፍላል። የሚወጣው ውጤት “በደቂቃ ይህን ያህል ግሬይ” የሚል ነው።

የአየር ግፊቱን እንደ ቀላል የምታዩት ከሆነ ቆም በሉ። የቻምበሯ አየር ከውጭው አየር ጋር የተገናኘ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቁጥሩ ያንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ይህን ማስተካከያ የዘነጋ ሰው በደቂቃ የሚወጣውን ጨረር ከእውነተኛው ሩብ ያህል አሳንሶ ይጽፋል፤ ሕመምተኛውም 30 በመቶ ያህል ጨምሮ ይወስዳል። ሌላም ወጥመድ አለ። የአየር ትንበያና የአውሮፕላን ማረፊያ ሰዎች ግፊትን ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ወለል መልሰው ነው የሚናገሩት። ባሮሜትር የለኝም ብሎ ስልክ ደውሎ የጠየቀ ሰው የሚሰጠው ቁጥር ትክክለኛ ቢሆንም ለእርሱ ሥራ የሚሆን አይደለም። ሳን ሆሴም ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ግን የተዘነጋው ግፊት አልነበረም።

እዚያ የተሳሳተው ጊዜው ነው። የማሽኑ ሰዓት ቆጣሪ የሚያሳየው በደቂቃና በደቂቃ አሥረኛ ነው። 0.3 ሲል ከደቂቃ አሥር እጅ ሦስቱ፣ ማለትም 18 ሰከንድ ማለቱ ነው። በልኬቱ ዕለት ይህ 0.3 እንደ 30 ሰከንድ ተቆጠረ።

ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ “እንዴት?” ይላል። እኔም መጀመሪያ ብዬ ነበር። አሁን ግን የቀጠሮ ካርዶቻችንን ተመልከቱ እላለሁ። “ከጠዋቱ 2.30 ይምጡ” ተብሎ ሲጻፍ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ሁላችንም ሠላሳ ደቂቃ ብለን ነው የምናነበው፤ ከሰዓት አሥር እጅ ሦስቱ ነው ብሎ 2 ሰዓት ከ18 የሚደርስ የለም። ጊዜን በስድሳ፣ ሌላውን ሁሉ በአሥር መቁጠር ከልጅነት ጀምሮ የለመድነው ነገር ነው። በአንድ መስኮት ላይ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ዐይን የለመደውን ያነባል። ሰዓት ቆጣሪው “18 ሰከንድ” ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልኖረ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ አንባቢ የሚሰናከልበት ቦታ ነው። በ18 ሰከንድ የወጣ ጨረር በ30 ሰከንድ የወጣ ነው ተብሎ ሲታሰብ ማሽኑ ከእውነቱ የደከመ ይመስላል። በሒሳቡ መሠረት የእውነተኛውን 60 በመቶ ብቻ የሚያወጣ ይሆናል። ነገሩን በገበያ ቋንቋ ላስቀምጠው። አንዲት ነጋዴ በርበሬ የምትሰፍርበት ጣሳ ልክ አንድ ኪሎ ይይዛል፤ እርሷ ግን 600 ግራም ብቻ የሚይዝ ይመስላታል። ስድስት ኪሎ ስጪኝ ያላትን ደንበኛ በቅን ልቡና አሥር ጣሳ ትሰፍርለታለች። ደንበኛው አሥር ኪሎ ይዞ ይሄዳል። በርበሬ ቢሆን ምርቃት ነው፤ ጨረር ሲሆን ግን ትርፉ መልሶ አይሰፈርም። ሒሳቡን ብቻ ከተከተልነው ትርፉ እስከ 67 በመቶ ይደርሳል፤ በኋላ የተጣራው የሕሙማኑ ትርፍ መጠን ከ50 እስከ 60 በመቶ ሆኖ ነው የተመዘገበው።

አሁን እኔን የሚያስቆጨኝ ክፍል ይመጣል። ይህ ስህተት ከመጀመሪያው ሕመምተኛ በፊት የሚያዝባቸው በሮች ነበሩ፤ አንዳቸውም ውድ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛው በር ወረቀት ነው። አዲስ ምንጭ ከፋብሪካ ሲመጣ ኃይሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይዞ ይመጣል። ያ ቁጥር ለሕክምና አይበቃም፤ ለማመሳከር ግን ከበቂ በላይ ነው። በሆስፒታል የተለካው ከወረቀቱ ጥቂት ከመቶ ቢለይ ያለ ነገር ነው። 40 በመቶ ቢያንስ ግን ወይ ፋብሪካው ሌላ ምንጭ ልኳል ወይ ለኪው ተሳስቷል፤ ሦስተኛ መልስ የለም።

ሁለተኛው በር የሰው ትዝታ ነው። ምንጭ የሚቀየረው የድሮው ስለደከመ ነው፤ አዲሱ ሲገባ የሕክምናው ጊዜ በግልጽ ማጠር አለበት። ትናንት ለአንድ ሕመምተኛ ስንት ደቂቃ ይሞላ እንደነበር የሚያውቁት በየቀኑ ቁልፉን የሚጫኑት ቴክኒሺያኖች ናቸው። “አዲስ ምንጭ ገብቶ ጊዜው የሚገባውን ያህል ያላጠረው ለምንድን ነው?” ብሎ መጠየቅ ፊዚክስ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጥያቄው የሚሰማበት ቤት ነው። በብዙ ሆስፒታል ቴክኒሺያን ፊዚሲስትን፣ ፊዚሲስት ደግሞ ሐኪምን ለመጠየቅ አንገቱን ይደፋል። እኛ አገር ይህ የለም የሚል ካለ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው በር እኔ ከሁሉ የምወደው ነው፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ያለ ነገር ነውና። ምንጩ ከማረፊያው ወጥቶ መስኮቱ ጋር እስኪደርስ የሚያልፍ ቅጽበት አለ። በረጅም ልኬት ይህ ቅጽበት አይታወቅም፤ በ18 ሰከንድ ልኬት ግን አንድ ሰከንድ እንኳ ከአምስት በመቶ በላይ ናት። ስለዚህ ጠንቃቃ ለኪ በአንድ አጭር ጊዜ ብቻ አይለካም፤ በሁለት የተለያየ ርዝመት ለክቶ ያነጻጽራል። አሁን ያንን ሰው አስቡት። አንዴ በ0.3 ለካ፣ “30 ሰከንድ” ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ በ1.0 ቢለካ “60 ሰከንድ” ብሎ ይጽፍ ነበር። እርሱ እንደሚያስበው ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ መሆን አለበት። ኤሌክትሮሜትሩ ላይ የሚያየው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አይቻልም፤ ወይ ማሽኑን ትጠረጥራለህ ወይ ራስህን፣ ከሁለቱ በአንዱ በር እውነቱ ይገባል።

የመጨረሻው በር ሌላ ሰው ነው። አባቶች ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይላሉ። ተረቱ ትክክል ነው፤ እንዴት እንደሚሠራበት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ወረቀት ተቀብሎ ማባዛቱንና ማካፈሉን ብቻ ቢያጣራ፣ “30 ሰከንድ” የሚለውን እንደ እውነት ወስዶ ሒሳቡ ልክ ነው ብሎ ይፈርማል። ሒሳቡ እኮ ልክ ነበር! ይህ ሁለት ፊርማ ያለው አንድ ሰው ነው። ሁለተኛው ሰው ሰው የሚሆነው የራሱን ቻምበር ይዞ፣ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ፣ ከተቻለም በሌላ ዘዴና በራሱ ሰዓት ለክቶ መጨረሻ ላይ ብቻ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ነው።

በሮቹ ሁሉ ሳይንኳኩ ታለፉ፤ ሕክምናውም ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለተቆጠሩት ሳምንታት ማንም በዐይኑ የሚያየው ነገር አልነበረም። ጨረር ሲገባ አያቃጥልም፣ አይሸትም፤ ሕመምተኛው ከአልጋው ሲነሣ የታዘዘለትን የወሰደና እጥፉን የወሰደ ሰው ልዩነት የላቸውም። የቆዳ መቅላት፣ የአንጀት መታወክ፣ የጉሮሮ መቁሰል የሚመጡት ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይተው ነው። ሲመጡም በሕክምናው የሚጠበቁ ስለሆኑ “ይህ ከወትሮው በዛ” የሚለው የሐኪም ዐይን ነው። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ደግሞ ወራት ዓመታትም ቆይቶ ይመጣል።

60 በመቶ ትርፍ ሲባል ጉዳቱም 60 በመቶ ብቻ የሚጨምር ይመስላል። አይደለም። የጨረር ሕክምና በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚሰጠው ጤነኛው ሥጋ በሁለት ቀን መካከል ራሱን እንዲጠግን ነው። የዕለቱ መጠን ሲያድግ የመጠገኑ አቅም ይከዳል፤ በተለይ እንደ አከርካሪ ውስጥ ነርቭና እንደ አንጀት ያሉ፣ ጉዳታቸው ዘግይቶ የሚወጣ አካላት በዕለቱ መጠን ክፉኛ ይነካሉ። የሙያው ሰዎች በየዕለቱ የሚጠቀሙበት ቀመር አለ። በቀን 2 ግሬይ ሊወስድ የታዘዘለት ሰው 3.2 ቢወስድ፣ እነዚህ አካላት የሚሸከሙት ጫና በዚያ ቀመር ሲሰላ እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እንግዲህ 5 በመቶ ልዩነት እንዳይታለፍ ዓለም ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተስማማበት ሙያ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የኮስታ ሪካ መንግሥት ጠይቆ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የባለሙያዎች ቡድን የላከው በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1997 ነው። እስከዚያ ድረስ ከ115ቱ 42ቱ አርፈዋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እነዚህ የካንሰር ሕሙማን ናቸው፣ ብዙዎቹም ሕመሙ የጠናባቸው ነበሩ። ቡድኑ መዝገባቸውን ማግኘት የቻለው የ34ቱን ነው። ከእነዚህ 3ቱ በቀጥታ በትርፉ ጨረር ምክንያት፣ 4ቱ ደግሞ ጨረሩ ዋና አጋዥ ምክንያት ሆኖባቸው ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ተገመተ። 22ቱ የሞቱት በካንሰሩ በራሱ ነው። በ5ቱ ላይ ብያኔ ለመስጠት የሚያበቃ መረጃ አልነበረም።

በሕይወት ከነበሩት 73 ሰዎች 70ዎቹ ተመረመሩ። 4ቱ እጅግ ከባድ ጉዳት ደርሶባቸው ነበር፣ 16ቱ ደግሞ ከፍተኛ ጉዳት። 26ቱ በዚያን ጊዜ የሚታይባቸው ነገር ከባድ ባይሆንም ወደፊት የሚያሰጋቸው ነበሩ፤ 22ቱ ላይ የጎላ ነገር አልታየም። ከተጎጂዎቹ መካከል አንጎሉና አከርካሪው በጨረር ተጎድቶ መናገርም መራመድም ያቃተው ሕፃን ነበር፤ እጅና እግሯ የሰለለ ወጣት ሴትም ነበረች። ሁለቱም የመጡት ሊድኑ ነው። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌሎች 2 ሰዎች አሉ። እነዚህ ስህተቱ በታወቀ ቀን ሕክምናቸው ገና ጅምር ላይ ነበርና ተቋረጠ፤ ስለዚህ ከታዘዘላቸው ያነሰ የወሰዱ ናቸው። ዝርዝሩን ባነበብሁ ቁጥር እነዚህ ሁለቱ ላይ ስደርስ እዘገያለሁ፤ ስህተትን ማቆምም ራሱ ዋጋ እንዳለው የሚያሳዩ ናቸውና።

ጥፋቱን በአንድ ፊዚሲስት ትከሻ ላይ ጭኖ መሄድ ይቻላል፤ ቀላሉም እርሱ ነው። ግን ይህ ሰው ብቻውን አይደለም። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ከ1974 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በአንድ ሆስፒታል የኮባልቱ መድከም በግራፍ ወረቀት ላይ ተስሎ፣ መስመሩ በተሳሳተ ወረቀት ላይ በመሰመሩ፣ ምንጩ ከእውነተኛው በፍጥነት የሚደክም መሰለ። በየወሩ ጊዜው ከሚገባው በላይ እየረዘመ ሄዶ ትርፉ ከ10 እስከ 45 በመቶ ደረሰ፤ 426 ሕሙማን በዚያ ስሌት ታከሙ። ለ22 ወራት ያህል መስመሩን በልኬት ያመሳከረ አልነበረም። በእንግሊዝ ኤክሰተር በ1988 እ.ኤ.አ. እንደ ሳን ሆሴው ሁሉ አዲስ የኮባልት ምንጭ በስህተት ተለክቶ 207 ሕሙማን 25 በመቶ ትርፍ ወሰዱ። በፈረንሳይ ቱሉዝ ከ2006 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማሽኑ የመጨረሻው ዘመናዊ፣ ኮምፒውተሩ የተራቀቀ ነበር። ነገር ግን በጣም ጠባብ የሆነ ጨረር ለዚያ በማይመጥን ሰፊ መለኪያ ተለካ። መለኪያው ከጨረሩ ሲሰፋ ግማሽ አካሉ ከጨረሩ ውጭ ነውና አሳንሶ ያነባል፤ 145 ሕሙማን ላይ ትርፍ መጠን አረፈ። አቅጣጫው ከሳን ሆሴ ጋር አንድ ነው። ጣሳው ትንሽ መስሏቸው አብዝተው ሰፈሩ።

ሌላው ቀርቶ በተቃራኒው የተሳሳቱም አሉ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝም የእነርሱ ነው። በእንግሊዝ ሰሜን ስታፎርድሻየር ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የርቀት ማስተካከያው በኮምፒውተሩ ውስጥ መኖሩ ሳይታወቅ ባለሙያው ደግሞ በእጁ ጨመረበት፤ አንድ ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ሆነ። ወደ 1,000 የሚጠጉ ሕሙማን ከታዘዘላቸው ያነሰ ጨረር ወሰዱ። የታወቀው በ1991 እ.ኤ.አ. ሌላ የዕቅድ ኮምፒውተር ሲገባና ቁጥሮቹ አልገጥም ሲሉ ነው። የሳን ሆሴው በአምስት ሳምንት ታወቀ፤ ይህ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ትርፍ ጨረር ቆዳ ላይ ይጮኻል። የጎደለ ጨረር ግን አይጮኽም፤ ካንሰሩ ይመለሳል፣ ሁሉም “የእግዜር ነገር” ይላል፣ ማንም ሰዓት ቆጣሪውን አይጠረጥርም።

በዚያው ባለሙያዎቹ ወደ ሳን ሆሴ በተጓዙበት በ1997 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት ማሽን የጨረር ሕክምና ጀመረ። ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማም የአገሪቱ ብቸኛ ማዕከል ሆኖ ቆየ። ብቸኛ ማዕከል ማለት ለሙያው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጎረቤት ሆስፒታል የለም፤ “ቻምበርህን ይዘህ ናና የእኔን ለካልኝ” የምትለው ሰው በአገር ውስጥ የለም። ተረቱ የሚፈልገው ሁለተኛው ብርቱ ባሕር ማዶ ነው።

ለእንዲህ ያሉ አገሮች ሲባል ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ጤና ድርጅት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፖስታ የሚሠራ የማመሳከሪያ አገልግሎት ዘርግተዋል። ቪየና አጠገብ ካለው የዛይበርስዶርፍ ላቦራቶሪ ዘለላ የምላቸው ትንንሽ የታሸጉ እንክብሎች ይላካሉ። ለብዙ ዘመን በውስጣቸው የነበረው ሊትየም ፍሎራይድ የተባለ ነጭ ዱቄት ነው። ጨረር የነካው ይህ ዱቄት ኋላ ሲሞቅ ብርሃን ያወጣል፤ ብርሃኑ የነካውን ጨረር ያህል ነው። ሆስፒታሉ ዘለላዎቹን ውኃ ውስጥ አስገብቶ፣ በራሱ ሠንጠረዥ 2 ግሬይ ይሰጣል ያለውን ጊዜ ሞልቶ ያስመታና መልሶ በፖስታ ይልካል። ቪየና ያለው ሰው የሆስፒታሉን ወረቀት፣ ሰዓት ቆጣሪ፣ ባሮሜትር አያውቅም፤ ዱቄቱን አሙቆ ብርሃኑን ይቆጥራል። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ይጽፋሉ፣ ሌላ ዘለላ ይልካሉ። አሁንም ካልተስተካከለ ሰው እስከ መላክ ይደርሳሉ። በቅርብ ዓመታት ዱቄቱ በልዩ መስታወት ተተክቷል፤ አሠራሩ ያው ነው። በሳን ሆሴ ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ዘለላ በዚያ ወር ቢመታ 2 ግሬይ በተባለው ቦታ ከ3 በላይ ይነበብበት ነበር።

ግን ፖስታ ነው። ዘለላው ይሄዳል፣ ይመታል፣ ጉምሩክ ያድራል፣ ይመለሳል፣ ይነበባል፣ ደብዳቤው ይጻፋል። ከፍልሰታ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ግን አምስት ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ለዓመቱ ሥራ የፖስታውን ያህል የሚታመን ባይኖርም፣ ምንጭ በተቀየረ ዕለት የሚያድነው እዚያው ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ነው። እኔ ተማሪዎቼን ገንዳው ዳር ሳቆማቸው ሒሳብ ከመጀመራቸው በፊት እርሳሳቸውን እንዲያስቀምጡ አደርጋለሁ። አንዱ በ0.5 ይከፍታል፣ ሌላው ከኪሱ ባወጣው ሰዓት ይቆጥራል። ቀጥሎ በ1.0። ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያው እጥፍ ሆኖ፣ በእጅ የተቆጠረውም ሰዓት 30ና 60 ሰከንድ ብሎ እስኪገጥም ድረስ ማንም ምንም አያካፍልም።